ሶኬት ላይ አትሰኩት! የድሮ የቫልቭ ሬዲዮን ደረጃ በደረጃ ማዳን

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግሩንዲግ ሬዲዮ አቅፌ ሰባ ደረጃን ወጣሁ። ሰባ ደረጃን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባዶ እጅ እንኳ ያስተነፍሳል። ሬዲዮኑ 12 ኪሎ ይሆናል። መሃል ላይ አረፍ ስል አንድ ሊስትሮ ቀና ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ማይክሮዌቭ ነው?" አለኝ።

ሬዲዮኑ የሰፈራችን አዛውንት የእማማ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ የገዙት ነው፤ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ዘመን ቆጥሯል። "ልጄ፣ ቫልቩ ሞቷል ብለውኛል። ቁራሌው በመጣ ቁጥር ስጡኝ ይለኛል። እስቲ አንተ እየውና ካልሆነ ልገላገለው" አሉኝ።

"ቫልቩ ሞቷል" የምትለዋን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት! ቫልቭ የሚታይ ነገር ነው። መስታወት ነው፣ ይበራል፣ ይሞቃል። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ይላከካል። እኔ ከፍቼ ካየኋቸው ሬዲዮኖች ግን በአብዛኞቹ ቫልቮቹ ደህና ነበሩ። የሞተው ከሥር ተደብቆ የተቀመጠው ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅመው ዕቃ ነው። ይህን ካወቃችሁ የሥራውን ግማሽ ጨርሳችኋል። የቀረው ትዕግሥት ነው፣ ትንሽ ሶልደርና አንድ የጥንት አምፖል።

ከሁሉ በፊት እጃችሁን ሰብስቡ

የድሮ ሬዲዮ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ፍላጎቱ ሰክቶ ማየት ነው። እኔም የመጀመሪያዬን እንዲሁ ሰካሁት። ስኬሉ (የጣቢያ ስም የተጻፈበት መስታወት) ወዲያው በራ፤ ደስ አለኝ። ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ "እምምም" የሚል ድምፅ መጣ፤ እየወፈረ ሄደ። ቀጥሎ የቀለጠ ሰም ሸተተኝ። ቀጥሎ ጭስ። ሮጬ ስነቅለው የመብራት ትራንስፎርመሩ ሄዶ ነበር። ርካሽ ካፓሲተር ሾርት ሆኖ፣ በገንዘብ የማይገኘውን ትራንስፎርመር ይዞት ሄደ። ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ለምኜ አስጠቀለልኩት። ሠራልኝ፤ ግን መጠኑ ከሳጥኑ አልገባ ብሎ ሬዲዮኑ እስከ ዛሬ ጀርባው ክፍት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በፈረንጅ አቆጣጠር የ1950ዎቹ እና የ1960ዎቹ ሬዲዮኖች ውስጥ ሁለት ዓይነት ካፓሲተሮች ያረጃሉ። አንደኛው ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ትልቁ ጣሳ ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል። ሁለተኛው በወረቀትና በሰም የተጠቀለለው ነው። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይወዳል። የአዲስ አበባን ክረምት ከ50 ጊዜ በላይ ያሳለፈ ወረቀት ደረቅ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ማገድ ያለበትን ኮረንቲ ያሳልፋል።

አሁን ስለ ራሳችሁ። በዚህ ሬዲዮ ውስጥ ከ250 እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ዲሲ አለ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ፦

- ሻሲው (ዕቃዎቹ የታሰሩበት የብረት ገበታ) ውስጥ እጅ ከመክተታችሁ በፊት ንቀሉ። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በደንብ በተሸፈነ ሽቦ አስራችሁ በካፓሲተሩ አዎንታዊ እግርና በሻሲው መካከል ለ10 ሴኮንድ ያዙ። ከዚያ በመልቲሜትር ለኩ። ከ10 ቮልት በታች ካልሆነ ድገሙ። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ ጀግንነት አይደለም፤ ዕቃ መግደል ነው።
- ሬዲዮኑ በርቶ ስትለኩ ግራ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ጫማ አድርጉ።
- ቤት ውስጥ ሰው ይኑር። ፊውዝ ወይም ብሬከሩ የት እንዳለ አሳዩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ይህን አደራ። ቫልቮቹ ላይ የተጻፈውን ኮድ እዩ። የኮዱ የመጀመሪያ ፊደል የፈረንጁ ኢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ቫልቩ በ6.3 ቮልት የሚሞቅ ነው፣ ሬዲዮኑም አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለው። ፊደሉ ዩ ከሆነ ግን ቆም በሉ። እነዚህ ቫልቮች በ100 ሚሊአምፔር ተራ በተራ ተያይዘው በቀጥታ ከግድግዳ የሚሞቁ ናቸው። ብዙዎቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ሻሲው ራሱ ከሶኬቱ አንድ ገመድ ጋር ተገናኝቷል። ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ ብረቱ በሙሉ 220 ቮልት ነው። ለጀማሪ አይሆንም። ሬዲዮኑን ከግድግዳው መስመር በሚለይ ትራንስፎርመር (አይሶሌሽን ትራንስፎርመር) የሚሠራ ሰው ፈልጉ። የቀረው ጽሑፍ ባለ ትራንስፎርመሩን ብቻ የሚመለከት ነው።

ዕቃ ማሰባሰብ

መልቲሜትር፣ ባለ 60 ዋት ሶልደር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ኮንታክት ክሊነር። ከዚህ ሌላ የሚያስቸግረው ሬዲዮኑን ስንሞክር ከቃጠሎ የሚጠብቅልን አምፖል ነው፤ አሠራሩን ወደ ታች እናየዋለን። 60 እና 100 ዋት የሆነ፣ ክሩ የሚታየው፣ ቢጫ መብራት የሚሰጠው የጥንቱ አምፖል ያስፈልጋል። ኤልኢዲ ወይም ቆጣቢ የሚባለው አይሠራም። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የማውቃቸው የዕቃ ሱቆች ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። እኔ ሁለት አምፖል ያገኘሁት መርካቶ ነው፤ ሻጩ ከመደርደሪያ ጥግ አቧራ ጠርጎ "ለጫጩት ነው?" ብሎ ሰጠኝ።

ቫልቭና ስብርባሪ ሬዲዮ ምናለሽ ተራ እየዞሩ መፈለግ ነው። ዕድል ይጠይቃል። የተሰባበረ ሬዲዮ ካያችሁ ለቫልቮቹ ብላችሁ ግዙት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን መስታወቱን እዩ። አናቱ ወይም ጎኑ ላይ መስታወት የመሰለ ብርማ ወይም ጠቆር ያለ ንጣፍ ካለ ደህና ነው። ያ ንጣፍ ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቷል፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትያዙት።

ከፍቶ ማየት

የጀርባውን ካርቶን ስትፈቱ ብሎኖቹን ጣሳ ውስጥ አድርጉ። ማዞሪያዎቹ ከፊት በትንሽ ብሎን የታሰሩ ወይም ዝም ብለው የሚሳቡ ናቸው። እምቢ ካለ በካቻቢቴ አትፈልቅቁ። ከኋላው ክር ጠምጥማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ከዚያ ሻሲውን የያዙት ትልልቅ ብሎኖች ከሥር ይፈታሉ። የስፒከሩን ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። እንዲያውም ሁሉንም ነገር ፎቶ አንሱ። "አስታውሰዋለሁ" ያለ ሁሉ ረስቷል።

የእማማን ሬዲዮ ስከፍት መጀመሪያ የደረቀ በረሮ ወረደ። ቀጥሎ አንድ የሎተሪ ቁራጭ፣ አንድ ባለ 5 ሳንቲም። ቀጥሎ ፊውዙን አየሁት። መስታወቱ ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልሎበታል። አንድ ጠጋኝ በሆነ ዘመን ፊውዝ አጥቶ፣ ወይም ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸግሮት ያደረገው ነው። ወረቀቱ ፊውዝ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይቆርጥም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ደንግጡ፣ ግን ደግሞ አመስግኑ። ፊውዙ ለምን ይቃጠል ነበር? መልሱ ውስጥ ካሉት ካፓሲተሮች አንዱ ነው። ጠጋኙ የበሽታውን ስም ጽፎ እንደሄደ ቁጠሩት።

አቧራውን በብሩሽ እያነሳችሁ በቫኪዩም ሳቡ። ቫልቮቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ስትነቅሉ ቀጥ አድርጋችሁ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ብትወዘውዙ መስታወቱ ከሥሩ ይሰነጠቃል። መስታወቱ ላይ ያለውን ኮድ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ በጣት ብቻ ይለቃል።

የጣቢያ ስም የተጻፈበት መስታወት ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ሂልቨርሱም፣ ቤሮሙንስተር፣ ሉክሰምበርግ፣ ሮማ እያለ የሚሄደው ጽሑፍ የታተመው ከጀርባው ነው። ጀርባውን በአልኮል ከነካችሁት አውሮፓ ባንድ ጊዜ ትጠፋለች። ፊቱን ብቻ ጥረጉ።

መርፌውን የሚጎትተው ክር ከተበጠሰ አዲስ ከመጠምጠማችሁ በፊት የቀረውን መንገድ ወረቀት ላይ ሳሉ። የትኛው መዘውር ላይ ስንት ዙር፣ በየት በኩል። ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን አንድ ሙሉ እሁድ ፈጅቶብኛል፣ ስድብም አስወጥቶኛል።

ኮረንቲ ሳይገባ የሚደረግ ምርመራ

መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ። የመብራት ትራንስፎርመሩን መግቢያ ለኩ፤ አሥራዎቹ ኦም አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው። የስፒከር ትራንስፎርመሩ አንደኛው ወገን መቶዎች ኦም ነው፣ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ወገን ከ1 ኦም በታች። መቶዎቹ ከጠፉና መስመሩ ክፍት ከሆነ ችግር ነው፤ ግን ጥፋቱ የታወቀ ስለሆነ ምትክ ይገኝለታል።

ቫልቮቹን ራሳቸውንም አሁን መፈተሽ ይቻላል። ባለ 9 እግሮቹ አብዛኞቹ ማሞቂያ ክራቸው ከ4ኛው እስከ 5ኛው እግር ነው። ከሥር ስታዩ ከክፍተቱ ጀምራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ቁጠሩ። ጥቂት ኦም ካሳየ ክሩ አልተበጠሰም። የእማማ ስድስቱም ቫልቮች ክራቸው ሙሉ ነበር። "ሞቷል" የተባለው ያ ነው እንግዲህ።

ከሬዲዮኑ ጀርባ የቮልቴጅ መምረጫ ፈልጉ፤ 110፣ 127፣ 220፣ አንዳንዴ 240 ተብሎ የተጻፈበት። 110 ላይ ሆኖ የተገኘ ሬዲዮ ገጥሞኛል። እኛ ጋ 220 ነው። 240 ካለው ግን እሱ ላይ አድርጉት። የሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚሠራ ሬዲዮ ዕድሜው ይረዝማል።

ዋናው ሥራ፦ ካፓሲተር መቀየር

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንዱን ፈትታችሁ፣ አዲሱን ሰክታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ወደሚቀጥለው። ሁሉንም ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ሰው ማታ ላይ ያለቅሳል።

የትኞቹን? ሁሉንም ባለ ወረቀትና ባለ ሰም፣ እና ሁሉንም ኤሌክትሮላይቲክ። ጠፍጣፋና ቡናማ የሆኑትን ማይካ፣ ትንንሽ ባለ ቀለም ሴራሚኮቹን አትንኩ። እነሱ አያረጁም ማለት ይቻላል፤ ከነካችኋቸው ደግሞ ጣቢያው ይዛወራል።

ዋጋቸውን ለማንበብ ትንሽ ልምድ ይፈልጋል። የድሮዎቹ በፒኮፋራድ ይጻፋሉ፤ 10,000 የተባለው ዛሬ ሱቅ ውስጥ 103 ተብሎ የሚጠራው ነው። 22,000 ማለት 223፣ 47,000 ማለት 473፣ 100,000 ማለት 104። ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። 630 ቮልት የሚችል ፊልም ካፓሲተር ጠይቁ። ሻጩ 103 ፈልጎ ባለ 50 ቮልቷን ምስር የምታህል ነገር ይሰጥና "ያው ነው" ይላል። ያው አይደለም። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ለምትፈልጉ፦ የተጣለ ሆዳም ቴሌቪዥን ካገኛችሁ ቦርዱ ውስጥ ባለ 400 እና ባለ 630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር በብዛት አለ። እኔ ከአንድ ቴሌቪዥን ሁለት ሬዲዮ ጠግኛለሁ። ከቴሌቪዥኑ ኤሌክትሮላይቲኩን ለመውሰድ ግን አትጎምጁ። ትልቅ ነው፣ ደግሞም አሮጌ።

ትልቁ ጣሳ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ሁለት ካፓሲተር ይይዛል፤ 50 እና 50 ማይክሮፋራድ፣ 350 ቮልት ተብሎ ይጻፍበታል። በሁለት ባለ 47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ቀይሩት። ጣሳውን ለመልኩ ብላችሁ ቦታው ላይ ተዉት፣ ሽቦዎቹን ግን ከሱ ላይ አንሱ። አዲሶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሻሲው ሥር ይገባሉ። "ትንሽ ልጨምርለት፣ ድምፁ እንዲጠራ" ብላችሁ 220 ማይክሮፋራድ እንዳታስገቡ። ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ኢዜድ 80 የተባለው ቫልቭ ከሆነ የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ50 እንዲበልጥ አልተሠራም። ሲበራ የሚጠጣው ኮረንቲ ቫልቩን ይበላዋል።

የእማማ ሬዲዮ ሬክቲፋየሩ ቫልቭ አይደለም፤ ሻሲው ላይ የተጣበቀ ጠፍጣፋ የሴሊኒየም ሳህን ነው። የዚያን ዘመን ብዙ የጀርመን ሬዲዮኖች እንዲህ ናቸው። ሲያረጅ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሲቃጠል ደግሞ የበሰበሰ ነገር ይሸታል፤ ሽታው መርዛም ነው፣ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። እኔ ጊዜ አልሰጠሁትም። አራት ዋን ኤን 4007 ዳዮድ ቦታው ላይ አድርጌ፣ ቮልቴጁ ከድሮው እንዳይበልጥ 150 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ጨመርኩበት።

ከመብራት ገመዱ መግቢያ ላይ ወደ ሻሲው የምትሄድ ትንሽ ካፓሲተር አለች። እሷ ከፈነዳች ብረቱ ይነዝራል። ቆርጣችሁ ጣሏት። ሬዲዮኑ ያለ እሷም ይዘፍናል።

አሁን ስለ አንዷ ለብቻዋ ላውራ። የመጨረሻው ድምፅ አጉሊ ቫልቭ ኢኤል 84 ይባላል። ከፊቱ፣ ወደ 2ኛ እግሩ የምትገባ አንዲት ካፓሲተር አለች፣ ብዙ ጊዜ 103 ወይም 223። ሥራዋ ድምፁን አሳልፎ ዲሲውን ማገድ ነው። ይህች ካፈሰሰች ግሪዱ (ቫልቩን የሚቆጣጠረው 2ኛ እግር) አዎንታዊ ይሆናል። ቫልቩ ያለ ልክ ይጠጣል፣ ይግላል፣ የስፒከሩን ትራንስፎርመር ያቃጥላል፣ ሬክቲፋየሩንም ይዞ ይሄዳል። ሌላውን ሁሉ ነገ ብትሉ ይህችን ዛሬ ቀይሩ።

እኔ የእማማን ሬዲዮ ስሠራ ሆን ብዬ እሷን መጨረሻ ተውኳት። ምን ያህል እንደምታፈስ ማየት ፈለግሁ። ኢኤል 84ን ነቅዬ፣ በአምፖል በኩል አበራሁና ባዶው ቀዳዳ 2ኛ እግር ላይ ለካሁ። ዜሮ መሆን ነበረበት። መልቲሜትሩ 2 አለ፣ 5 አለ፣ 9 ቮልት ላይ ቆመ። ቆርጬ አወጣኋት። ሰሟ ስንጥቅ አለው፤ በጥፍሬ ስጭናት ለስላሳ ናት። የፊውዙ ብር ወረቀት ምክንያት እጄ ላይ ነበረች። አዲሷን ሰክቼ ደግሜ ስለካ ዜሮ። እናንተ ይህን ሙከራ አታድርጉ፤ ዝም ብላችሁ ቀይሩ።

ሬዚስተሮቹን ደግሞ አንድ በአንድ ለኩ። የካርቦኖቹ ዋጋ ሲያረጅ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በተለይ ከ100 ኪሎ ኦም በላይ የሆኑት። ከተጻፈው በ20 በመቶ ከራቀ ይቀየር።

አምፖሉ ዳኛ ይሁን

ከዲቫይደር የሚመጣውን አንዱን ገመድ ቆርጣችሁ አምፖሉን መሃል አስገቡት። ኮረንቲው በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ሬዲዮኑ የሚደርሰው። ባለሙያዎች ሲሪስ የሚሉት ነው። ሬዲዮኑ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሬዲዮኑ ግን አይቃጠልም። አምፖሉ ሁሉን ይውጠዋል።

መጀመሪያ ቫልቮቹ ሁሉ ወጥተው፣ ሬክቲፋየሩም ተነጥሎ፣ በ60 ዋቱ ሞክሩ። አምፖሉ ጨለማ መሆን አለበት፣ ወይም ቢበዛ ክሩ ቀላ ማለት። ቦግ ካለ ትራንስፎርመሩ ውስጡ ተቃጥሏል። ጨለማ ከሆነ ሬክቲፋየሩን መልሱ፣ ደግማችሁ ሞክሩ። ከዚያ ቫልቮቹን።

ቫልቮቹ ከገቡ በኋላ አምፖሉ መጀመሪያ ይበራል፣ ክሮቹ ሲሞቁ ይደበዝዛል፣ ቫልቮቹ መሥራት ሲጀምሩ ትንሽ መልሶ ይቀላል። ይህ ጤና ነው። ደማቅ ሆኖ ከቀረ ወዲያው ንቀሉ። ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ 100 ዋቱ እለፉ፣ በመጨረሻ ያለ አምፖል። ፊውዙ ሬዲዮኑ ላይ የተጻፈው መጠን ይሁን። ብር ወረቀት አይደለም!

ያለ አምፖል ሲሠራ አንድ ልኬት አትለፉ፦ የኢኤል 84 3ኛ እግር፣ ካቶዱ። እዚያ ያለው ሬዚስተር 150 ኦም ገደማ ከሆነ ከ6 እስከ 7 ቮልት ይጠበቃል። ያገኛችሁትን ቮልት ለሬዚስተሩ ኦም አካፍሉ፤ ቫልቩ የሚጠጣው አምፔር እሱ ነው። ወደ 45 ሚሊአምፔር ከሆነ ተዉት ይሥራ። ወደ 70 ከሄደ አጥፉና ስህተታችሁን ፈልጉ። የእማማው 6.4 ቮልት አለ። ከ50 ዓመት በላይ የሠራ ቫልቭ ነው።

ድምፅ ከሌለ

ከኋላ ቲኤ የሚል ቀዳዳ አለ፣ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ። የቲኤን ቁልፍ ተጭናችሁ ቀዳዳውን በትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ ነካ አድርጉ። ስፒከሩ ከጮኸ የድምፁ ክፍል ሕያው ነው፤ ችግሩ ወደ ጣቢያ መያዣው በኩል ነው። ካልጮኸ ከስፒከሩ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ፈልጉ።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ቆሻሻ ነው። የባንድ ቁልፎቹ ከብር የተሠራ መገናኛ አላቸው፤ ይጠቁራል። ትንሽ ኮንታክት ክሊነር ነፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ሠላሳ ጊዜ ተጫኑ። ድምፅ መጨመሪያውንም እንዲሁ፤ ሲዞር የሚንቋረረው ይጠፋል። የብሎን ማላቀቂያ ዘይት አትንፉበት፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ፕላስቲኩንም ይጎዳል።

ከብረት ሳጥኖቹ አናት ላይ የሚታዩትን ትንንሽ ብሎኖች ግን አትንኩ። እነሱ በፋብሪካ ወደ 460 ኪሎኸርዝ አካባቢና ወደ 10.7 ሜጋኸርዝ የተቃኙ ናቸው። "ትንሽ ላስተካክለው" ያለ ሰው እጅ ያረፈበት ሬዲዮ ከተቃጠለው ይብሳል። የስፒከሩ ወረቀት ከተቀደደ ስስ ሶፍት በውሃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ለጥፉበት፤ ያ ይበቃል።

አንቴናና ጣቢያ

ለኤፍኤም ሁለት 75 ሴንቲሜትር ሽቦ ግራና ቀኝ ዘርጉ። ለመካከለኛ ሞገድ አምስት ሜትር ሽቦ በመስኮት አውጡ። ስኬሉ በሜትር የተጻፈ ከሆነ 300,000ን ለኪሎኸርዙ አካፍሉ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለዓመታት የሚታወቅበት 873 ኪሎኸርዝ 344 ሜትር አካባቢ ይወድቃል። የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም ከዚሁ ከተማ ሲያሰራጭ ሰው የሚሰማው በእንዲህ ያሉ ሬዲዮኖች ነበር።

በዛሬዋ አዲስ አበባ ግን መካከለኛ ሞገድ ላይ የምትሰሙት በብዛት "ዝዝዝ" ነው። የስልክ ቻርጀሩ፣ ኤልኢዲው፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሁሉ ይረብሻሉ። መብራት ሲጠፋ ጫጫታው ጸጥ ይላል። ሬዲዮኑም አብሮ ጸጥ ይላል።

ሬዲዮኑን መልሼ ያበራሁት እማማ ሳሎን ውስጥ ነው። ስኬሉ በራ። ከዚያ ጸጥ። "አልሆነም?" አሉ። "ቆይ እማማ፣ ይሞቃል" አልኳቸው። ጣቢያ መያዙን የምታሳየው አረንጓዴዋ ዓይን ቀስ እያለች መጣች፣ መርፌዋን ሳዞር ጠበብ አለች። 97.1 ወፍራም ድምፁን ለቀቀ፤ ከእንጨት ሳጥን የሚወጣ ድምፅ ደረት አለው። 98.1ም ገባ። እማማ ዝም ብለው ትንሽ ሰሙና "ሸገርስ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። የዚያ ዘመን የጀርመን ኤፍኤም ስኬል 100 ላይ ያልቃል፤ ኋላ የመጡት ወደ 104 ይደርሳሉ። 102.1 ከእማማ ሬዲዮ ውጭ ነው። ማዛወር ይቻላል፤ ግን ያቺን ብሎን አትንኩ ያልኳችሁን መንካት ነው። እኔ ሌላ መንገድ መረጥኩ። የልጅ ልጃቸውን ስልክ በገመድ ቲኤ ውስጥ ሰካሁ፤ ከግራና ከቀኝ መስመሩ ላይ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጌ አገናኘሁ። ሸገር በስልክ መጥቶ በግሩንዲግ ወጣ። ይህን ባለ ትራንስፎርመር ሬዲዮ ላይ ብቻ ነው የምታደርጉት።

ሁለት ሰዓት ያህል አስቀመጥነው። ቡና ተፈላ። በየመሃሉ ነቅዬ፣ ቻርጁን አውጥቼ፣ ትራንስፎርመሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ መሞቅ አለበት፣ ግን እጅ የማያስቆም መሆን የለበትም። ከዚያ የጀርባውን ካርቶን መልሼ ዘጋሁ። እማማ ከቁም ሳጥን የታጠበ ዳንቴል አውጥተው አናቱ ላይ አለበሱት። አማረ። ከኋላ በኩል ግን ወርዶ የካርቶኑን ቀዳዳዎች ሸፍኖ ነበር። ቫልቭ መተንፈስ አለበት። እሳቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ የኋላውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፍኩና በሁለት ስፒል ያዝኩት።